የዓባይ አፋፍ ማዕድ፦ ከደጀን እስከ ሞጣ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ የዓባይ ሸለቆ ከፊቱ ወለል ብሎ ይታየዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ የደጋው ብርድ ቀርቶ የበረሃው ወበቅ በመስኮት ይገባል፤ ድልድዩ ይታለፋል፤ ከዚያም መኪናው እያቃሰተ ዳግመኛ ሽቅብ ይወጣል። እንዲህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ከተወረደና ከተወጣ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በገደሉ ሰሜናዊ አፋፍ ላይ የተቆረቆረችው የደጀን ከተማ ትገኛለች። በዚያ ሾፌሩ መኪናውን ያቆማል፤ ተሳፋሪው እጁን ታጥቦ ይመገባል፤ ጥቂት ቆይቶ ጡሩምባው ሲነፋ ሁሉም ተነሥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ ይነጉዳል። ከብዙ መንገደኞች አእምሮ ስለ ደጀን የሚቀረው ይህችው የምሳ ሰዓት ብቻ ናት።

ይሁን እንጂ ያች የምሳ ሰዓት ረጅም ታሪክ አላት። በደጀን ማዕድ ላይ የሚቀርበውን ምግብ ያዘጋጀችው ባለሙያዋ ሴት ብትሆንም፣ ማዕዱ በዚያ ሥፍራ እንዲዘረጋ ያደረገው ገደሉ ነው። ከገደሉ የወጣ ሰው ደክሞታል፣ ርቦታል፣ ጠምቶታል፤ ሊወርድ የተዘጋጀ ሰው ደግሞ ስንቅና ብርታት ያስፈልገዋል። ስለሆነም የደጀንና የአካባቢዋ መስተንግዶ ታሪክ ከመሻገሪያው ታሪክ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። መሻገሪያው በተከፈተ ጊዜ ማዕዱ ይሰፋል፤ በተዘጋ ጊዜም ይጠባል። ይህ እውነት ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል እስከ ሞጣ ድረስ በሚዘልቀው መንገድ ሁሉ በግልጽ ይነበባል።

መሻገሪያው ድልድይ ሳይኖረው

ዓባይ ከጣና ሐይቅ ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ ስለሚዞር ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦ ይዟታል። ደጀን ባለችበት ሥፍራ ከአፋፉ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1,300 ሜትር በላይ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላም ተመልሶ ወደ ደጋ መሸጋገር ግድ ይሆናል።

የመኪና መንገድ ከመሠራቱ በፊት መንገደኛው ወንዙን የሚሻገረው በበጋ፣ ውሃው በጎደለባቸው መልካዎች በኩል ነበር። ክረምት ሲገባ ዓባይ ይሞላል፤ ያን ጊዜ ዕቃን በቁርበት ጠቅልሎ በማንሳፈፍ በዋናተኞች እየተጎተቱ ከመሻገር በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረም። አዞው፣ ደራሹ ጎርፍና በጥሻው የሚያደባው ሽፍታ ብዙ ሰው ፈጅተዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ግን ንዳዱ ነበር። ንዳድ የሚባለው ወባ መሆኑ ይታወቃል፤ መንገደኛው የበሽታውን ምክንያት ባያውቅም በበረሃው ማደር አደገኛ መሆኑን ከልምድ ተረድቶ ነበር። ስለዚህ ጓደኛ እስኪያገኝ በአፋፉ ቆይቶ፣ ከሌሊቱ ተነሥቶ ወርዶ፣ ሳይመሽ ወደ ማዶው ደጋ ለመውጣት ይጥር ነበር።

በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ ያለ ሰው የሚበላው በቤቱ የተሰናዳውን ስንቅ ነበር። በሶ፣ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ የመንገደኛ ምግቦች ናቸው። እነዚህ ምግቦች ሁሉ አንድ ጠባይ አላቸው፤ ቀላል ናቸው፣ ቶሎ አይበላሹም፣ እሳት ሳይነድ ይበላሉ። የተከበረ መንገደኛ ከሆነ በቆዳ በተለጎመ አገልግል ውስጥ በወጥ የራሰ እንጀራ ይያዝለታል። በሶ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ረኃብንም ጥምንም በአንድ ጊዜ ያስታግሣል። እንዲህ ሲታይ በአገራችን የምግብ አሠራር ውስጥ የመንገድና የገደል ድርሻ ምን ያህል ትልቅ እንደ ሆነ ይገለጣል።

ስንቁ ያለቀበት ደግሞ ሌላ መሸሸጊያ ነበረው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ካለው ይቀርብለታል፣ መኝታም ይሰጠዋል። በአፋፍ ላይ ለሚኖር ገበሬ እንግዳ መቀበል በዓመት አንዴ የሚደርስ ነገር ሳይሆን የዘወትር ግዴታ ነበር። ደጀን የሚለው ቃል በአማርኛ ከሠራዊት በስተኋላ ሆኖ የሚጠብቅ ኀይል፣ መመኪያና መጠጊያ ማለት ነው። የከተማዋ ስም ከምንም ይምጣ ከምን፣ ከገደል ለሚወጣ መንገደኛ የቃሉ ትርጉም ሰምሮለታል ማለት ይቻላል።

ገበያና ጦርነት በዓባይ ዳር

መሻገሪያው ለእግረኛና ለተሳላሚ ብቻ የሚያገለግል አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደጀን በስተምዕራብ በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በኢትዮጵያ ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨውና ጨርቃ ጨርቅ ይወርዳል። በዚያው ገበያ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር ታሪክ አይሸሽገውም። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የተዘዋወረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ ስለዚህ ገበያ ሰፊ ጽሑፍ ትቶአል።

የመሻገሪያው ጥቅም ከፍ ያለ በመሆኑ መሳፍንቱ ተጋድለውበታል። ራስ አዳል በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ ከደፉ በኋላ ከዓባይ በስተደቡብ ባለው አገር ምክንያት ከሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጋር ተጋጩ። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ድል ሆነው ተማረኩ። ከዚያ ወዲህ የማዶው ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ እያዞረ ሄደ። በገበያው ላይ የሚታየው የቡና ዋጋና በመሶቡ ዙሪያ የሚሰበሰበው እንግዳ ብዛት፣ ከወንዙ ማዶ በሚሆነው ነገር የሚወሰን መሆኑን ጎጃሜው ያን ጊዜ በሚገባ ዐወቀው።

ከአገልግል ወደ ምግብ ቤት

ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በወረረችበት ዘመን፣ ጦሯን ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ጎንደር ለማንቀሳቀስ ስትል የመኪና መንገድ በዓባይ ሸለቆ ውስጥ አስጠርጋ ነበር። በመጋቢት መጨረሻ 1933 ዓ.ም. የደብረ ማርቆሱ የኢጣልያ ጦር ከተማውን ለቆ፣ ዓባይን ተሻግሮ ሸሸ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ደብረ ማርቆስ ገብተው ከሰነበቱ በኋላ ዓባይን ተሻግረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ለወራሪው የተጠረገው መንገድ የነጻነት መመለሻ ሆነ።

ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው የኮንክሪት ቅስት ድልድይ ለግማሽ መቶ ዓመት ከዚያም በላይ የጎጃምንና የሸዋን ግንኙነት በጫንቃው ተሸክሞ ቆየ። የጭነት መኪናው እየከበደና እየበዛ ሲሄድ ግን አዲስ ድልድይ አስፈለገ፤ በጃፓን መንግሥት እርዳታ 303 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በኬብል የተደገፈው የሕዳሴ ድልድይ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ተመረቀ። አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ቆመው ሲታዩ፣ የሁለት ትውልድ መሐንዲሶች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩ ይመስላል።

የመሬት ጠባይ ለሚያጠና ባለሙያ ደግሞ ገደሉ ራሱ የተከፈተ መጽሐፍ ነው። ከላይ በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ጥቁር ድንጋይ ይታያል፤ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና የሸክላ ድንጋይ፣ በወንዙ አቅራቢያም ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ተነባብረው ይገኛሉ። የኖራ ድንጋዩ ይህ ደጋ በአንድ ዘመን የባሕር ወለል እንደ ነበረ ይመሰክራል። ይሁንና ይህ ውበት ለመንገድ ሠሪ ሸክም ነው። ልል የሆነው መሬት በክረምት ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል፤ አስፋልቱም ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል። በዓባይ ሸለቆ መንገድ ተሠርቶ አያልቅም፤ በየዓመቱ መጠገን አለበት።

መኪና በመጣ ጊዜ አገልግሉ ከቤት ቀረ። በእግር ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ በሰዓታት ሲያልቅ፣ መንገደኛው ስንቅ መቋጠሩን ትቶ በሚቆምበት ቦታ መመገብ ጀመረ። በደጀንና በማዶው በጎሐ ጽዮን በመንገዱ ግራና ቀኝ ምግብ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ ሻይ ቤትና ጠላ ቤት የተደረደሩት በዚህ ምክንያት ነው። በአገራችን የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ እንደሚታየው፣ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶችና ባለሙያዎች በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። የእግዚአብሔር እንግዳን በነጻ ያስተናግድ የነበረው ሙያ መተዳደሪያ ሆኖ ልጅ አሳደገ፣ ቤት አቆመ። ስለ ድልድዩ ርዝመትና ስለ መንገዱ ወጪ ብዙ ሲጻፍ፣ መንገደኛውን እየመገቡ ከተማዋን ከተማ ያደረጉት ሴቶች ስም ግን ከመዝገብ ላይ አይገኝም።

የደጀን ማዕድ

የዚህ አገር ማዕድ መሠረቱ ጤፍ ነው። ምሥራቅ ጎጃም በተለይም ከደጀን እስከ ቢቸና የተዘረጋው ጥቁር መረሬ መሬት በጤፍ አብቃይነቱ በመላው ኢትዮጵያ የታወቀ ነው። በጥቅምትና በኅዳር በዚያ የሚያልፍ መንገደኛ ማሳው እንደ ባሕር ሲያዕበል ያያል። ከነጭ ማኛ ጤፍ የተጋገረ፣ ዐይኑ የበዛ፣ ለስላሳ እንጀራ ለመብላት ከምንጩ ይልቅ የተሻለ ቦታ የለም።

ፍስክ ከሆነ ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ቁርጡ ከአዋዜና ከሚጥሚጣ ጋር በቢላዋ እየተቆረጠ ሲበላ፣ የደጋው ሣር ያሰባው ከብት ጣዕም ሳይሸፈን ይታወቃል። ጥሬ የማይስማማው ጥብስ ያዛል፤ ዱለትም አለ። በትልልቅ በዓላት ከቤተ ሰብ ጋር የሚገኝ እንግዳ ደግሞ ዶሮ ወጥ፣ በቅጠል ተሸፍኖ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ አይብና እርጎ ያገኛል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሳምንታት ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ነገር ግን ማዕዱ አይጎድልም። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ የሚመጣው ሽሮ፣ ተጋቢኖው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ተልባውና ሱፉ የጾምን ቀን ያስረሱታል። እንግዳ ሰው የጎጃምን ወጥ ሙያ መመዘን ቢፈልግ ከሥጋው ይልቅ በሽሮው ቢመዝን ይሻላል፤ ጥሩ ሽሮ ጥሩ ባቄላ ወይም ሽምብራ፣ ጥሩ በርበሬና ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃልና።

ከመጠጥ ወገን በጌሾ የተጠመቀው ጠላና ከጎጃም ማር የሚጣለው ጠጅ ይቀድማሉ። አረቄው ግን ሾፌር ያልሆነ ሰው ድርሻ ነው። በመጨረሻ ቡናው ተቆልቶ፣ ጭሱ እየዞረ፣ ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። መኪናው የሚቸኩልበት ሰው አቦልን ብቻ ጠጥቶ ይነሣል፤ እንዲህ ያለው ሰው ግን በደጀን አለፈ እንጂ ደጀንን አየ አይባልም።

ሌላ ገደል፣ ሌላ ድልድይ

በዚህ ነጥብ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። በደቡብ እስፓኝ ሮንዳ የምትባል ከተማ በገደል አፋፍ ላይ ተሠርታለች። በመካከሏ ጓዳሌቪን የተባለ ወንዝ የቦረቦረው ሸለቆ ይገኛል። በዚህ ሸለቆ ላይ በፊት የተሠራው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1741 ተደርምሶ 50 ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከዐሥር ዓመት በኋላ አዲስ ሥራ ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1793 የተፈጸመው «አዲሱ ድልድይ» 98 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ሥራ ነው። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ የሚመጣ ጎብኚ ሮንዳ የሚሄደው ይህንኑ ገደልና ድልድይ ለማየት ነው፤ በአፋፉ በተሠሩት ምግብ ቤቶች ተቀምጦ በቀይ ወይን የተቀቀለ የበሬ ጭራ ወጥ እየበላ፣ ፀሐይ በገደሉ ላይ ስትጠልቅ ይመለከታል። 

የዓባይ ሸለቆ ከሮንዳው ገደል በብዙ እጥፍ ይጠልቃል። የአፋፉ ነፋስ፣ በገደሉ ቋፍ የሚውለው ጭላዳ፣ በማለዳ ከሸለቆው የሚነሣው ጉም ለማንም ዐይን የሚበቃ ትዕይንት ነው። «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተነገረም። በሮንዳና በደጀን መካከል ያለው ልዩነት የገደሉ ታላቅነት አይደለም፤ ሮንዳ ገደሏን መድረሻ አደረገችው፣ ደጀን ግን ገደሏ መተላለፊያ ብቻ ሆኖባት ቀረ። መድረሻ ለመሆን ደግሞ መንገደኛው ከምሳው በኋላ የሚያየው ነገር አለ ብሎ ማመን አለበት። ያ የሚታይ ነገር ከደጀን ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ ላይ ተዘርግቶ ይገኛል።

በቢቸና መንገድ

ከደጀን ወደ ቢቸና የሚወስደው መንገድ በስተግራው የጮቄን ተራራ፣ በስተቀኙ የዓባይን ሸለቆ እያደረገ ይሄዳል። ጮቄ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የምንጮች አባት ነው፤ ሙጋና ሱሃ ከዚያ ፈልቀው፣ ደጋውን ሰንጥቀው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ።

የቢቸና አገር በአርበኝነት ዘመን የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ነበር። በላይ ዘለቀ በዓባይ በረሃና በአካባቢው ደጋ አምስቱን ዓመት ከጠላት ጋር ተዋግተው፣ ከድል በኋላ በቢቸና ላይ ተሹመው ነበር። ይሁን እንጂ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው ከሸፈቱ በኋላ ተይዘው በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። የዚህ ሰው ታሪክ በየቤቱ በጠላ ዙሪያ ሲነሣ ድምፅ ዝቅ ይላል። እንግዳው በዚያን ጊዜ መጠየቅ ሳይሆን ማዳመጥ ይገባዋል።

ከቢቸና አቅራቢያ የዲማ ጊዮርጊስ ገዳም ይገኛል። ዲማ በቅኔና በመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት የታወቀ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የደረሱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነው፤ በመጽሐፋቸውም ውስጥ ቦታው ሕያው ሆኖ ይኖራል። የቅኔ ተማሪ ማዕድ ግን ከመንገደኛው ማዕድ የተለየ ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ ያገኘውን ቁራሽ እንጀራ አድርቆ ያስቀምጣል። ከአንድ ሕዝብ ሊቃውንት አብዛኞቹ በገበሬ ቁራሽ የተማሩ መሆናቸውን ማስታወስ ለዛሬው የተማረ ሰው ትልቅ ተግሣጽ ነው።

ወደ ሰሜን ሲቀጥል ደብረ ወርቅ በኮረብታዋ ላይ ትታያለች። በደብረ ወርቅ ማርያም ቅዱስ ሉቃስ ሣላት ተብላ በትውፊት የምትከበር የእመቤታችን ሥዕል አለች። ክብ የሆነው ቤተ ክርስቲያን በግድግዳ ሥዕሎቹም የታወቀ ነው። በወር በ21 ቀን የሚመጣ እንግዳ ከቅዳሴው በኋላ ጠበል ጠዲቅ ይደርሰዋል፤ ዳቦውና ጠላው በዋጋ የማይገዛ፣ በማኅበር የተዘጋጀ የበረከት ማዕድ ነው።

ከጉንደ ወይን ወደ ምሥራቅ የሚታጠፍ ሰው መርጡለ ማርያምን ያገኛል። በ16ኛው መቶ ዓመት መባቻ እቴጌ እሌኒ፣ ለፖርቱጋል ንጉሥ መልእክተኛ የላኩት ብልኅ ንግሥት፣ በዚህ ሥፍራ እጅግ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ያ ሕንጻ ከፈረሰ በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን እንደገና ሊያቆሙት ሞክረዋል። ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ነው፤ ነገር ግን በድንጋዩ ላይ የተቀረጸው ጌጥ የጠራቢውን እጅ ጥበብ ገና ይናገራል። የሕንጻ ባለሙያ በዚያ ግድግዳ ሥር ጥቂት ሰዓት ቢቆም ከብዙ መጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል።

በመንገዱ ላይ ሞጣ ትከተላለች። የሞጣ ጊዮርጊስን ያቋቋሙት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት እኒህ ወይዘሮ ለደብሩ መሬት ሰጥተው፣ ካህናት ሰብስበው ሞጣን የትምህርትና የገበያ ማእከል አደረጓት። በምሥራቅ ጎጃም እሌኒ በመርጡለ ማርያም፣ ወለተ እስራኤል በሞጣ ያቆሙትን ያየ ሰው፣ የዚህ አገር ማዕድ ብቻ ሳይሆን ሕንጻውም በሴቶች እጅ እንደ ተመሠረተ ይረዳል።

ሰባራው ድልድይ

ከሞጣ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው የዚህን ጉዞ ፍጻሜ ያገኛል። ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ በዚህ አሠርተው ነበር። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ፣ በቅስት የቆመ ሥራ ነው። ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ሙሉ ነጋዴው፣ ተማሪውና ሙሽራው ተመላልሰውበታል።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት ሲሉ ከቅስቶቹ አንዱን አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ሆነ። ጠላት ሄደ፤ ነጻነትም ተመለሰ፤ ስብራቱ ግን አልተጠገነም። ለ60 ዓመት ያህል ከወዲህና ከወዲያ የቆሙ ሰዎች ገመድ እየዘረጉ፣ ሰውንም ዕቃንም በአየር ላይ እየጎተቱ አሻገሩ። የታመመው ሐኪም ቤት ለመሄድ፣ ልጅ ወላጆቹን ለመጠየቅ፣ ነጋዴ እህሉን ለመሸጥ ከታች የሚያገሳውን ዓባይ እያየ በገመድ ይንጠለጠል ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በውጭ አገር መጽሔት ወጥቶ የተመለከተ አንድ አሜሪካዊ ማኅበር አቋቁሞ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱን በብረት ጠገነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ጎርፍ ጥገናውን ወሰደው፤ በኋላም ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

በአንድ ቀን የፈረሰ ቅስት የሁለት ትውልድ ዕድሜ መጠበቁ ለመንገድና ለድልድይ ባለሙያዎች ከባድ ነገር ነው። ያፈረሱት አርበኞች አይወቀሱም፤ አገር ሊያድኑ ነበርና። ጥያቄው ከእነርሱ በኋላ ለመጣው ነው። ድልድይ ማፍረስ የጦርነት ቀን ሥራ ነው፤ መልሶ መሥራት ግን የሰላም ዘመን ዕዳ ነው፤ ዕዳውም እስኪከፈል ወለዱን የሚከፍለው በገመድ የሚንጠለጠለው ገበሬ ነው።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የጎጃም መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። ድልድዩ ሳይሰበር መንገዱ ተሰበረ። መኪና በማይመጣበት ቀን የመንገድ ዳር ምግብ ቤት እሳት አይነድም፤ ጤፉ በጎተራ ይቀራል፤ ተሳላሚውና ተማሪው ከመንገድ ይመለሳሉ። ስለዚህ በዚህ መንገድ መጓዝ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የመንገዱን ደኅንነት ከሚያውቁት መጠየቅ ይኖርበታል፤ አባቶች ወደ በረሃው ከመውረዳቸው በፊት በአፋፉ ቆመው እንደሚጠይቁት ማለት ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ግን ደጀን የምሳ ሰዓት ብቻ ተሰጥቷት መታለፍ አይገባትም። አንድ ቀን ለገደሉና ለድልድዮቹ፣ አንድ ቀን ለቢቸናና ለደብረ ወርቅ፣ አንድ ቀን ለመርጡለ ማርያም፣ አንድ ቀን ለሞጣና ለሰባራው ድልድይ ቢሰጥ፣ አራት ቀን በቂ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የመንገድ ንድፍ የሚነድፉ፣ የድልድይ ሸክም የሚያሰሉ፣ የመሬት ናሙና የሚመረምሩ ባለሙያዎች ሥራቸው በመጨረሻ የት እንደሚደርስ ማየት ከፈለጉ፣ ከዓባይ ሸለቆ ወጥተው በደጀን አንድ ምግብ ቤት ይቀመጡ። የእጅ ውሃ ይመጣል፤ መሶቡ ይከፈታል፤ እንጀራው ይዘረጋል። ያ እንጀራ ትኩስ ሆኖ በቀረበ ቁጥር፣ መሻገሪያው በዚያች ቀን ክፍት መሆኑን ያመለክታል።